ጥጃ መጠበቅ የጀመራችሁት በስንት አመታችሁ ነው?

ባለ ባና

ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ልጄን ይዤ መንዝ እናቴ ጋር ሶስት ሳምንት ከርሜ ነው የመጣሁት። ልጅቷ 8 አመቷ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገች፣ በግ ሚባል ነገር ምታውቀው በበአል ዋዜማ ኮሚናሉ ጋ ታስሮ ሲጮህ ነው። እናቴ ደሞ በደወልኩ ቁጥር «ሳልሞት አሳየኝ» እያለች ነፍሴን በላችው። ሰኔ 30 ካርዷን ተቀበለች፣ መንገዱ ረገብ ያለ እስኪመስለን ጠበቅንና ሐምሌ መጨረሻ ላይ በደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርገን መሐል ሜዳ ገባን፣ ከዛ ወዲያ ያለው በእግር ነው። የመንዝን ክረምት ሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጉሙ እግርህን አያሳይህም፣ ብርዱ አጥንት ነው ሚገባው። ልጄ ገና ከመኪና ስትወርድ «አባዬ ሰዎቹ ፍሪጅ ውስጥ ነው እንዴ ሚኖሩት» አለችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በለቅሶ አለፉ። ጭሱ አይኔን አቃጠለኝ፣ ቁንጫ በላኝ፣ ባናው (የሱፍ ብርድ ልብሱ) ይኮሰኩሳል፣ ሽንት ቤቱ የታለ። ታብሌቷ በሁለተኛው ቀን ቻርጅ ጨርሳ ሞተች፣ ፓወር ባንኩን እኔ ለስልኬ ደብቄ ነበር (እናቷ እንዳትሰማ)። በሶስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ እኔን ምንም ሳታማክር ልጅቷን ጠራቻትና አንድ ቀጭን ልምጭ በእጇ አስያዘቻት። «በይ የኔ እመቤት ይቺን ጥጃ አንቺ ነሽ ምትጠብቂልኝ፣ ገብሱ ውስጥ እንዳትገባ፣ ማታ ላሞቹ ሲመጡ እናቷ ጋ እንዳትደርስ፣ ከደረሰች ወተት የለም» አለቻት። በቃ ይሄው ነው። የወንድሜ ልጅ 9 አመቱ ነው፣ እሱ ሌሎቹን ሁለት ጥጆች ይዞ አብሯት ወጣ።

በአራተኛው ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ። ሁለቱ ቅልሞሽ ይዘዋል። ልጄ አምስት ጠጠር እያፈሰች መጣል ተምራ ጨዋታው ጠሟታል። ከብቶቹ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ድምፅ ሰምታ ቀና ብትል ጥጃዋ የለችም፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወደናቷ እየበረረች ነው። ልጄም ትሮጣለች ጥጃዋም ትሮጣለች፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ስትደርስ ጥጃዋ ጡቱን ጨምድዳ አፏ ዙሪያውን አረፋ ሆኗል፣ በግንባሯ ጎሸም ጎሸም እያደረገች። እናቴ ማለቢያውን ይዛ መጣች፣ ቁጢጥ አለች፣ ሳበች፣ ጭር ጭር ሁለቴ፣ አለቀ። ምንም አልተናገረችም። ማለቢያውን ገልብጣ መደቡ ላይ አስቀመጠችውና «ዛሬ በሻይ ነው» አለች። ልጄ ቂጣዋን ቀና ሳትል በላች። ማንም አልተቆጣትም፣ ማንም አላባበላትም። ከዛ ቀን በኋላ ያቺን ጥጃ እንደ አይኗ ብሌን ነው የጠበቀቻት። ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ ልትሄድ ስትል የወንድሜ ልጅ እንዴት እንደጮኸባት፣ «እጅሽ ላይ እንዳታስሪ! ደንብራ ትጎትትሻለች!» ብሎ። እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ስታለቅስ መጣች። አሁን ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ጥጃ ነው። እኔ በ6 አመቴ ነው የጀመርኩት መሰለኝ። እናንተስ? በስንት አመታችሁ? ስንቴስ አስጠባችሁ?

ጥንቅሽ

ሃሃሃሃ «ዛሬ በሻይ ነው» 😂 ይቺ ቃል ከጅራፍ በላይ ነው ምትገርፈው ወንድሜ

እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ ወሎ። እኛ ጋ ጥጃው ቀላሉ ነው ከባዱ ማሽላ ጥበቃ ነው። ጥቅምትና ህዳር ላይ ማሽላው ሲያሽት ግሪሳ ሚባል መአት አለ፣ እንደ ደመና መጥቶ ያርፋል፣ ካረፈ ቆይቶ ሲነሳ ራሱ ባዶ አገዳ ነው ሚቀርልህ። ስለዚህ ሳይነጋ ማማ ላይ መውጣት ነው፣ ወፏ በጠዋት ነው ምትበላው። አባቴ ማማውን በአራት እንጨት ሰርቶልን እኔና ታላቄ እዛ ላይ ወንጭፍ ይዘን፣ ከጎን ጭቃ ድቡልቡል አድርገን የደረደርነው ጥይት፣ ንፍሮ በቅል። ከማዶ ማማ የመሀመድ ልጆች ይጮሃሉ እኛ እንመልሳለን፣ ዝም ካልክ ተኛህ ማለት ነው፣ አባትህም ከታች ሆኖ ዝምታህን ነው ሚሰማው።

አንዴ ተኛሁ። ከዛ በላይ አልናገርም።

ግን ጥንቅሿስ። ማሽላው መሃል እዚህም እዛም ጣፋጭ አገዳ ያላት አለች፣ አባቴ ለኛ ብሎ ዘሯን ቀላቅሎ ነው ሚዘራት። ስንልጥ ከንፈራችን በልጣጩ ተቆራርጦ ማታ ወጥ ሲነካው ያቃጥለናል፣ እናቴ ከንፈራችንን አይታ ነው ቀኑን ሙሉ ጠብቀን ወይስ በልተን እንደዋልን ምታውቀው። ዩዘርኔሜ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

የአንቀልባ ልጅ

ደስ ሚል ጽሁፍ ነው ባለ ባና ልጅህን እግዜር ያሳድግልህ። ግን ሴቶቹ የት ሄድን? ሁሌ የገጠር ልጅነት ሲወራ እረኛና ወንጭፍ ነው ሚወራው።

እኔ ምስራቅ ጎጃም ነው ያደግኩት። ጥጃ አልጠበቅኩም፣ እኔ የጠበቅኩት ልጅ ነው። 6 አመቴ ላይ እናቴ ታናሼን በአንቀልባ አዝላኝ ወፍጮ ትወርዳለች፣ ልጁ ከኔ ትንሽ ነው ሚያንሰው እግሩ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። የአንቀልባው ቆዳ ትከሻዬን ሲበላው ጎንበስ ብዬ ወደ ላይ አንቀጥቅጬ አስተካክለዋለሁ፣ እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይወድቅና እንደ ድንጋይ ይከብዳል። እንደዛ ሆኜ ነው ሱዚ ስዘል የነበረው። እውነቴን ነው፣ ልጅ አዝዬ ሱዚ። እሱ ጀርባዬ ላይ ይስቃል እኔ እዘላለሁ፣ እናቴ አይታ የገረፈችኝ ቀን እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ሲነጋ ደሞ ወንዝ። መጀመሪያ በቅል፣ ከዛ በ5 ሊትር ጀሪካን፣ ከዛ በ10። እድገታችን ሚለካው በጀሪካን ነበር በቃ። ወንድሞቼ ማታ ከብት አስገብተው እግራቸውን ታጥበው መደብ ላይ ቁጭ ሲሉ የኔና የእናቴ ስራ ገና መጀመሩ ነው።

እንዳይመስላችሁ አላማረርኩም። ላም ስትወልድ እንገሩን እናቴ መጀመሪያ ለኔ ነው ምትሰጠኝ። አፍልታው እንደ እንቁላል ረጋ ያለውን ጨው ነስንሳ። እስካሁን አዲስ አበባ ውስጥ ያንን ጣእም ያገኘሁት የለም፣ ያ ልጅ ግን አሁን መሃንዲስ ነው፣ ሲያገኘኝ «ተሸክመሽኛል» ይላል እኔም «አሁንም ከባድ ነህ» እለዋለሁ።

ሁበር ነጂው

ከዲሲ ነው። ምሳ ሰአት ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ተሳፋሪዋ ሰርዛ ሄደች 😂 የኔ ልጆች ወተት ከየት ነው ሚመጣው ስላቸው ኮስትኮ አሉኝ። ባለ ባና ፎቶ ካለህ የጥጃዋን ጣል አድርግልን።

አያ ጅቦ

አጋም የበላ፣ ኮሽም የበላ፣ ቀጋ ብቻውን በልቶ ጉሮሮው የታነቀ፣ እንጆሪ ሲለቅም ልብሱን ቀዶ የተገረፈ ሁሉ እዚህ ጋ እጁን ያውጣ ✋

እማማ ጓዳ

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ልጄ ናት ይሄን ከፍታ ያሳየችኝ፣ እኔ እነግራታለሁ እሷ ትጽፍልኛለች።

ባለ ባና የናትህን ነገር ወደድኩት፣ እሷ ሴትዮ ታውቃለች። ልጅ ሲያጠፋ ጥፋቱን ራሱ እንዲያየው መተው ነው እንጂ ዱላማ ያስረሳዋል፣ ዱላውን ያስባል ጥጃዋን ይረሳል። እኛ ግን ይሄን የተማርነው ከተመታን በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተሜዎቹ ጥጃዋ ለምን እንደምትጠበቅ ላይገባቸው ይችላል። የኛ ላም እንደ ፈረንጅ ላም ዝም ብላ አትታለብም፣ መጀመሪያ ጥጃዋ ትንሽ ትጠባለች፣ ላሚቱ ወተቷን ትለቃለች፣ ከዛ ጥጃዋን ነጥለሽ አጠገቧ አስረሽ ታልቢያለሽ፣ ላሟ ልጇን እየላሰች። ጥጃ የሞተባት ላም አልታለብ ብላ ትነጥፋለች። ያኔ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፈው ጭድ ሞልተው ጨው ነክተው ፊቷ ያቆሙላታል፣ እሱን እየላሰች ትታለባለች። ልጅ ሆኜ ይሄን ሳይ አለቀስኩ። እናቴን «ታውቃለች ወይ?» አልኳት፣ እናቴ «ምታውቅ ይመስለኛል» አለችኝ። እስካሁን አልረሳውም።

እና ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ትጫወታለች ወይ ልጅህ? ካልተጫወተች ሶስት ሳምንቱ ጎደሎ ነው።

ባለ ባና

እማማ ጓዳ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅ ነስቻለሁ። ጽሁፉን ያጻፏት ልጅዎ እርሶ ስላሏት እንዴት ታድላለች።

እንቆቅልሹንማ ባይነሳ ይሻለኝ ነበር። የወንድሜ ልጅ «እንቆቅልሽ» ይላታል፣ እሷም ተምራ «ምን አውቅልህ»፣ «ስሄድ አገኘኋት ስመለስ አጣኋት» ይላታል። አሰበች አሰበች አቃታት። «በይ አገር ስጪኝ» አላት። የኔ ልጅ ምን ብላ ሰጠችው መሰላችሁ፣ «ዱባይን ሰጠሁህ»። ልጁ ፊቱን አጨፈገገ፣ «የት ነው? ሄጄ አላውቅም፣ አልበቃኝም» አለ። «እሺ አሜሪካን»። «አልፈልግም»። «ታዲያ ምን ልስጥህ?» «መሐል ሜዳን ከነገበያው ስጪኝ»። ሰጠችው፣ መልሱን ነገራት፣ ጤዛ ነው። በነጋታው ጠዋት በባዶ እግሯ ሳሩ ላይ ቆማ «አባዬ መልሱ ይሄውና» ብላ ጠራችኝ።

ሁበር ነጂው

አሜሪካን አልፈልግም ያለው ልጅ ሎተሪ እንዳይሞላ ተጠንቀቁ 😂😂

ሀቅ ብቻ

ይቅርታ አድርጉልኝ ደስታችሁን ልረብሽ። የ6 አመት ልጅ ሌላ ህፃን አዝሎ፣ ሌላው ልጅ ሳይነጋ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ይሄ እኮ ስሙ የህፃናት ጉልበት ብዝበዛ ነው። ሁላችሁም ዛሬ ስልክ ይዛችሁ ሞቃት ቤት ቁጭ ብላችሁ «ያ ዘመን» ትላላችሁ። ልጅህ ለሶስት ሳምንት ጥጃ ጠብቃ መኪና ተሳፍራ ተመለሰች፣ ለሷ ሽርሽር ነው። ያ የወንድምህ ልጅ ግን መስከረም ላይም ጥጃ ጠባቂ ነው። ልዩነቱ አይታይህም?

ጥንቅሽ

@ሀቅ ብቻ ብዝበዛ ሚባለው ሌላ ሰው አተርፋለሁ ብሎ ሲያሰራህ ነው፣ የራስህን እራት ስትጠብቅ ምኑ ነው ብዝበዛ። አባቴም አብሮኝ ነው ሳይነጋ ሚነሳው።

መምህር ነኝ

እኔ ሁለታችሁም ጋ ነኝ፣ ስለዚህ ሁለታችሁም ልትጣሉኝ ትችላላችሁ።

ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ብዙ አመት አስተምሬያለሁ። መስከረም ላይ ክፍሉ ጢም ይላል፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት አምስት። ጥቅምት አጋማሽ ላይ መሳሳት ይጀምራል፣ አጨዳና ውቂያ ሲመጣ ከኋላ ያሉት ዴስኮች ባዶ ናቸው። ስም ስጠራ «የለም ከብት ላይ ነው»፣ «የለችም እናቷ ወልዳለች»። አንዳንዶቹ ወንድማማቾች ይፈራረቃሉ፣ ሰኞ ታላቅ ማክሰኞ ታናሽ፣ አንድ ደብተር ለሁለት። የማክሰኞው ልጅ የሰኞውን ትምህርት ከወንድሙ ማታ ነው ሚማረው። አንድ ቀን የሂሳብ ፈተና ሰጥቼ ሁለቱ እኩል አመጡ፣ እያንዳንዳቸው ክፍል ገብተው የተማሩት ግማሹን ነው። እንዲህ አይነት ልጅ ጥጃ መጠበቅ ነው ያጎበዘው ወይስ ቢማር የት ይደርስ ነበር? እኔ መልሱን አላውቀውም፣ ሁለቱንም አስቤ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ እዚህ ላለን ሁሉ። ከገጠር ወጥተን ተምረን ይሄን ምንጽፈው እኛ በወጣን ቀን በየቤታችን ከከብቱ ጋር ማን ቀረ? በሁሉም ቤት አንድ ሰው አለ። እሱ ይሄን አያነብም።

የአንቀልባ ልጅ

ውይ መምህር። ይሄን ባትጠይቅ ጥሩ ነበር። እኛ ቤት እህቴ ናት የቀረችው። ጀሪካኑን ወረሰች።

አያ ጅቦ

የቀልድ ክር መስሎኝ ገብቼ እያለቀስኩ ልወጣ ነው

ባለ ባና

መምህር ማታ እንቅልፍ ነሳኸኝ።

እኛ ቤት የቀረው ወንድም ጋሼ ነው፣ ያ የእንቆቅልሹ ልጅ አባት። በሁለት አመት ይበልጠኛል። እሱ ሶስተኛ ክፍል እያለ አባባ ታመመና ከብቱን ሚይዝ ጠፋ። አንዳችን መውጣት ነበረብን፣ ወጣው እሱ ነው። እንዴት እንደተወሰነ ጠይቄ አላውቅም፣ አንድ ቀን ጠዋት ደብተሩን ለኔ ሰጠኝ፣ ግማሹ ያልተጻፈበት ነበር፣ የሱ ጽሁፍ ያለበትን ገፅ ሳልቀድ ከሱ በኋላ ቀጠልኩ። ኮንጎ ጫማውንም ሰጠኝ፣ «ከብት ጫማ አይፈልግም» ብሎ፣ ይሰፋኝ ስለነበር ጨርቅ ወትፌበት ነው የሄድኩት። ትምህርት ቤት መንገዱ አንድ ሰአት ተኩል ነው፣ ክረምት ሲወጣ ወንዙ ገና ሙሉ ስለሆነ እሱ ከብቶቹን ይዞ እስከ ወንዙ ያደርሰኝና ተሸክሞ ያሻግረኛል። ማታ ደሞ እዛው ይጠብቀኛል።

ዘንድሮ ሶስት ሳምንት አብሬው ከርሜ ይሄን ነገር አንዴም አላነሳነውም። ስለ ገብሱ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ጭላዳ ማሳውን ስለመቆፈሩ ስናወራ ከረምን። ሀቅ ብቻ ያልከው ደሞ ልክ ነህ፣ ልጁ አሁንም ጥጃ ላይ ነው፣ ግን ትምህርት ቤትም ይገባል፣ አባቱ ለዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ለምን ቀልድ እንደማያውቅ አሁን ነው እየገባኝ ያለው።

ነገ እደውልለታለሁ። እዛ ኔትወርክ ሚገኘው ቤተክርስቲያኑ ጋ ኮረብታው ላይ ሲወጣ ነው፣ ሚወጣው ደሞ እሁድ እሁድ ነው።

የሪያዷ

ኔትወርክ ኮረብታ ላይ የምትለዋን ሳነብ የኔ ቤት መሰለኝ።

ልጄን የ2 አመት ልጅ ሆኖ ለናቴ ትቼው ነው የወጣሁት፣ ወሎ ገጠር ነው፣ አሁን 7 አመቱ ነው። ማዳም ሲተኙ ሌሊት ነው ምጽፈው። እናቴ ጁምአ ጁምአ ገበያ ስትወጣ ትይዘውና ያጎቴ ልጅ ስልክ ላይ በኢሞ ድምፁን ይልክልኛል። ስለ እኔ ምንም አይጠይቀኝም፣ ዜና ነው ሚነግረኝ። «ኡሚ፣ ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች፣ አንዱ ሞተ። ሌላው የኔ ነው አለች እማ። ዝናብ ጣለ። በቃ ቻው»። 20 ሰከንድ ነው ድምፁ፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ እየደጋገምኩ ነው ምሰማው፣ ከኋላ የገበያው ጫጫታ አህያ ስትጮህ ሁሉ ይሰማኛል።

ጫማ ልልክለት ብዬ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እናቴ ቁጥር አታውቅም፣ እግሩን በክር ለካችና ጫፍና ጫፉን ቋጥራ ወደዚህ ለምትመጣ የሰፈር ልጅ ሰጠችልኝ። ክሯ ሁለት ወር ቆይታ እጄ ገባች። ይዣት ሱቅ ሄድኩ፣ ሱቁ ውስጥ ክሯን ጫማው ውስጥ ዘርግቼ ለካሁ፣ ሰውዬው ሚገርም አስተያየት አየኝ። ገዛሁ፣ ሚሄድ ሰው እስካገኝ ሌላ አራት ወር። ደረሰ፣ ጠበበው። አሁን ጫማውን የጎረቤት ልጅ ነው ሚያደርገው። ክሯ ግን ቦርሳዬ ውስጥ አለች አልጣልኳትም።

እና ሀቅ ብቻ እኔ ልጄ በግ ይጠብቅ እንጂ ምን ችግር አለው፣ በጓ አጠገቡ አለች እኔ ነኝ የሌለሁት።

እማማ ጓዳ

የኔ ልጅ አይዞሽ። በሚቀጥለው ክር ስታስልኪ ሁለት ጣት ጨምረሽ ግዢ፣ ልጅና ክረምት ቆሞ አይጠብቅም። በጥሩ አገናኝቶ ያሳይሽ።

ጤና ኬላ

ስለ ጫማ ከተነሳ አይቀር ሁለት ነገር ልበልና ልውጣ፣ ስራዬ ስለሆነ ነው። ደጋ አገር ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር አመታትን መሄድ እግር ያሳብጣል፣ ዝሆኔ ምትሉት አንዱ አይነት ከዚህ ነው ሚመጣው፣ እርግማንም ድግምትም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ልጅ ሆኖ ጫማ ማድረግና ማታ ማታ እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። የባለ ባና ልጅ ጤዛ ላይ ለአንድ ጠዋት በባዶ እግሯ ብትቆም ምንም አትሆንም አትደንግጥ ሃሃ። ሁለተኛው አይን ነው። ጥጃና ህፃን አንድ ቤት ሲያድሩ ዝንብ ይበዛል፣ ፊቱ ያልታጠበ ልጅ አይን ላይ ያርፋል፣ ትራኮማ በዛም ነው ሚዛመተው። ጠዋት ፊታቸውን አስታጥቧቸው፣ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል። ስብከቴን ጨርሻለሁ ወደ ጥጃው ተመለሱ።

የአምቦበር ልጅ

ከእስራኤል ነኝ፣ ነታንያ። እኔ ጥጃ ጠብቄ አላውቅም እዚህ ነው የተወለድኩት፣ አማርኛውንም ከአባቴ ነው የተማርኩት ስህተት ካለ ይቅርታ። አባቴ ግን ልጅነቱን በሙሉ ጎንደር አምቦበር ከብት ላይ ነው ያሳለፈው። አሁን ሽማግሌ ነው። በየቀኑ ፀሀይ ልትጠልቅ ስትል የትም ቢሆን ቁጭ ማለት አይችልም፣ ተነስቶ ሰገነት ላይ ወጥቶ መንገዱን ያያል። እናቴ «ከብቱ እየገባ ነው» ትላለች። ድሮ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ትላንት ይሄን ክር እያነበብኩ እያለ ተነሳ፣ እኔም አብሬው ወጣሁ፣ አውቶቡስ ብቻ ነው ያለው፣ ግን ትንሽ ቆምን።

ሀቅ ብቻ

እሺ ተሸንፌያለሁ ማለቴ አይደለም፣ ግን የሪያዷን ካነበብኩ በኋላ ብዙ አልናገርም። እህቴ ክሯን ለካሽ ቁጥሩን ብትነግሪኝ ደሴ ሚመላለስ ዘመድ አለኝ፣ ከዚህ ሆኜ ገዝቼ ልኬ ባንድ ሳምንት ያደርስልሻል። ውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የሪያዷ

አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ጽፌልሃለሁ። እማማ እንዳሉት ሁለት ጣት ጨምረህ።

ባለ ባና

ደወልኩ። ኮረብታው ላይ አገኘሁት፣ ንፋሱ እየነፋበት እየጮኸ ነው ሚያወራው።

ብዙ ዞርኩ፣ ጤና፣ ዝናብ፣ ገብስ፣ ከዛ ድፍረት አግኝቼ «ወንድም ጋሼ ያኔ አንተ ከትምህርት ወጥተህ እኔ የቀጠልኩት…» ብዬ ሳልጨርስ ሳቁን ለቀቀው። ሳቀ ሳቀ። «አንተ እስከዛሬ አታውቅም እንዴ?» አለኝ። «አንተማ በሳምንት ሶስቴ ታስጠባ ነበር። በጓን ጠብቅ ሲሉህ ቀጋ ትለቅማለህ፣ ላሟን ጠብቅ ሲሉህ ትተኛለህ። አባባ ምን አለ መሰለህ፣ ይሄኛው ለከብት አይሆንም፣ ቢያንስ ይማር»።

ይሄን ሁሉ አመት ጎበዝ ተማሪ ስለሆንኩ የተላክሁ ይመስለኝ ነበር። ሰነፍ እረኛ ሆኜ ነው የተላክሁት።

እኔም ሳቅኩ። ሲበርድልን «እኔ ደሞ ጎበዝ ስለነበርኩ ቀረሁ» አለና ዝም አለ። ንፋሱ ብቻ ነው ሚሰማው። ምን እንደምለው ጠፋኝ። እሱ ራሱ ነው ወሬውን ያዞረው፣ «ልጁ አንደኛ ወጥቶልኛል አልነገርኩህም እንዴ» አለኝ። አልነገረኝም ነበር፣ ሶስት ሳምንት አብሬው ቁጭ ብዬ።

ከዛ ልጄን አቅርብልኝ አለ፣ ሰጠኋት። «ያቺ ጥጃሽ ትላንት ጠባች፣ ጠባቂ አጥታ ነው፣ ደሞ ስም ሳታወጪላት ጥለሻት ሄድሽ፣ ምን ብለን እንጥራት?» አላት። ቦራ በላት፣ ዳለቻ በላት እያልኩ ከጎን አንሾካሾኩላት። ልጄ አንድ አፍታ አላሰበችም፣ «ታብሌት» አለችው።

«ምን?»

«ታብሌት!»

«ክኒን ማለት ነው?»

ጥንቅሽ

😂😂😂😂 መንዝ ላይ ክኒን ምትባል ላም ልትመጣ ነው

ሁበር ነጂው

ታብሌት ሁለተኛ ቀን ላይ ቻርጅ እንዳትጨርስ ንገሩት። ፎቶውስ ባለ ባና? እየጠበቅን ነው እኮ